ስንት ፈረስ ነው? የት ተለክቶ?

ከጎንደር፣ አዘዞ፣ ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ የሚመላለስ ሰው ሁሉ ሲኖትራክን ያውቀዋል። ብዙዎቹ ካቢናቸው ላይ 336 ወይም 371 የሚል ቁጥር አላቸው፤ የሞተሩ የፈረስ ጉልበት ነው። ገንዳ ውኃ ላይ ወዳለችው ጋራዤ የሚመጣ ሹፌር በዚህ ቁጥር ይመካል፣ በጓደኛው መኪና ላይ ይፎክርበታል። እኔ የምመልስለት አንድ ነገር ነው፦ የት ተለክቶ?

ነገሩ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። መተማ ዮሐንስ 700 ሜትር እንኳ አትሞላም። በመካከላቸው ያለው መንገድ ቢበዛ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጠዋት ጋቢ ለብሶ ከአዘዞ የተነሣ ሹፌር ከቀትር በፊት ሸሚዙን አውልቆ መተማ አጠገብ ካለችው ኮኪት ይደርሳል። ሞተሩም እንደ ሹፌሩ ነው፤ በዚያች ግማሽ ቀን ውስጥ ሁለት የማይመሳሰል አየር ይተነፍሳል። ናፍጣም ሆነ ቤንዚን ያለ አየር አይነድም። አየሩ በሳሳ መጠን የሚነደው ነዳጅ ያንሳል፣ ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል፤ ካቢኑ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ግን እንዳለ አለ።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ሲኖትራክ ሳይሆን አሜሪካ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነው። ቤቱ ኮሎራዶ ግዛት፣ ከዴንቨር አጠገብ ኦሮራ በምትባል ከተማ ነው፤ የሐበሻ ምግብ ቤትና ቤተ ክርስቲያን የማይታጣባት ከተማ ናት። ሱባሩ ደብሊው አር ኤክስ ገዛ፤ ባለ 2 ሊትር ሞተር፣ ቱርቦ ያላት፣ አራቱንም ጎማ የምትገፋ ፈጣን መኪና። ፋብሪካው 268 ፈረስ አላት ይላል። ልጁ በፋብሪካ ቃል አልረካም፤ ዳይኖ ላይ አስወጥቶ አስለካትና የወጣለትን ወረቀት ፎቶ በቴሌግራም ላከልኝ። «ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ፤ ጎማ ላይ 244 ፈረስ! እስከ ጎማ ድረስ የሚጠፋው ሲደመርበት፣ ምንም ሳልነካካት ከፋብሪካው በላይ ሆነች ማለት አይደል?» ይላል።

ወረቀቱን አሰፋሁና ከታች በኩል በደቃቁ የተጻፈውን ፈለግሁ። አለ። ማካካሻ፦ 1.22።

እዚህ ላይ ዳይኖ ምን እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ልበል። ቦሎ ለማደስ ምርመራ የሄደ ሰው ጎማው የሚቆምበትን ተሽከርካሪ ብረት አይቶ ይሆናል። ያ የፍሬን መለኪያ ነው፤ መኪናው ምን ያህል እንደሚይዝ እንጂ ምን ያህል እንደሚገፋ አይነግርም። ዳይኖ መልኩ ከእሱ ጋር ይቀራረባል፣ ሥራው ግን ሌላ ነው። መኪናው በጠንካራ ማሰሪያ ግራና ቀኝ ይወጠራል፣ ጎማዎቹ ሮለር ላይ ይቆማሉ፣ ፊት ለፊት ትልቅ ማራገቢያ ይነፋል። ከዚያ ሞተሩ የራሱን ዙር በቀጥታ በሚያስተላልፍበት ማርሽ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአራተኛ፣ ነዳጁ እስከ ወለል ይረገጣል። አንዳንዱ ዳይኖ ከባድ ብረት ብቻ ነው፤ ብረቱ ከዝግታ ወደ ፍጥነት የተነሣበትን ጊዜ አይቶ ጉልበቱን ያሰላል። ሌላው ሮለሩን በማግኔት ያከብደዋል፣ ሞተሩ ዳገት እንደሚወጣ ሆኖ ይታገላል። ቱርቦ ያለው መኪና በሁለተኛው ቢለካ ደስ ይለኛል። ቱርቦ ሸክም ካላገኘ በደንብ አይነሣም፤ ብረቱ ቀሎት ቶሎ ሲሮጥ ቱርቦው ገና ሳይሞላ ልኬቱ ሊያልቅ ይችላል። ሁለቱ ዓይነት መሣሪያዎች በአንድ መኪና ላይ የተለያየ ቁጥር ማውጣታቸውም የተለመደ ነው። የአንዱን ዳይኖ ቁጥር ከሌላው ጋር እያነጻጸሩ መከራከር ጊዜ ማጥፋት ነው።

አሁን ወደ 1.22 እንመለስ። ዴንቨር 1,609 ሜትር ላይ ናት። እዚያ የአየሩ ግፊት 83 ኪሎ ፓስካል ገደማ ሲሆን በባሕር ወለል ላይ 101 ነው። አየር በሳሳበት ቦታ የተለካ መኪና ዝቅ ብሎ እንዳይታይና አገር ከአገር ማነጻጸር እንዲቻል ተብሎ መሐንዲሶች ቀመር አወጡ። የአሜሪካው የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር መስፈርት መነሻው 25 ዲግሪ ሙቀትና 99 ኪሎ ፓስካል ግፊት ነው። የዳይኖው ኮምፒውተር የዕለቱን አየር ለክቶ «ይህ ሞተር በዚያ አየር ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ይሰጥ ነበር» ብሎ ያባዛል። የልጁ ሱባሩ ሮለሩ ላይ በእርግጥ ያሳየችው 200 ፈረስ ነው። ኮምፒውተሩ በ1.22 አባዛው፣ 244 ሆነ። አርባ አራቱን ፈረስ የሰጠው ቀመሩ ነው፤ መኪናዋ የሰጠችው አይደለም።

ቀመሩ በራሱ ሐሰት አይደለም። የተሠራው ግን ቱርቦ ለሌለው፣ በዙሪያው ያለውን አየር እንዳገኘው ለሚስብ ሞተር ነው። ለእንደዚያ ያለ ሞተር ከሞላ ጎደል እውነት ይናገራል። ቱርቦ ሲመጣ ነገሩ ይበላሻል።

ቱርቦ የተፈለገውም ለዚሁ ለከፍታ ጉዳይ ነው ማለት ይቻላል። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኪ ከሞተር የሚወጣውን ትኩስ ጭስ መልሶ አየር መጫኛ ለማድረግ የባለቤትነት ፈቃድ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1905 ነበር። ነገሩ በተጨባጭ የታየው ግን በአንደኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1918 ነው፤ ያውም የአክስቴ ልጅ በሚኖርበት በዚያው በኮሎራዶ። የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሳንፎርድ ሞስ ሊበርቲ የሚባለውን የአውሮፕላን ሞተር በካሚዮን ጭኖ 4,300 ሜትር ከፍታ ያለው ፓይክስ ፒክ ተራራ አናት ላይ ወጣ። ይህ ሞተር ዝቅተኛ ቦታ ላይ 350 ፈረስ የሚሰጥ ነበር። ተራራው ላይ ያለ ቱርቦ ሲለካ 230 ብቻ ሆነ። ቱርቦው ተገጥሞለት ሲለካ 356። ከመቶ ዓመት በፊት የተገኙት እነዚያ ሦስት ቁጥሮች ዛሬ ዳይኖ ላይ ለሚነሣው ክርክር ሁሉ ይበቃሉ፤ ቱርቦ ያለው ሞተር በከፍታ የሚያጣው እንደ ሌላው አይደለምና እንደ ሌላው ሊካካስለት አይገባም።

በእኛ አገር ቁጥር ልሥራው። ጎንደር ላይ የአየሩ ግፊት 78 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በባሕር ወለል ላይ ከነበረው ጉልበት ሩብ ለመሙላት ትንሽ የቀረው ያጣል፤ መቶው 77 ይሆናል። አሁን ቱርቦ ያለውን እንውሰድ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የቱርቦ ጌጅ 1 ባር ሲል በዙሪያችን ካለው አየር በላይ 1 ባር ጨምሬያለሁ ማለቱ ነው። በባሕር ወለል ላይ የአየሩ አንድ፣ የቱርቦው አንድ፣ በድምሩ ሁለት ባር ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። ጎንደር ላይ የአየሩ 0.78 ነው፤ ከቱርቦው አንድ ጋር 1.78። ኪሳራው 11 በመቶ ገደማ ነው እንጂ 23 አይደለም። ዘመናዊ መኪና ደግሞ ከዚህም ያነሰ ሊያጣ ይችላል፤ ኮምፒውተሩ አየሩ መሳሳቱን ያውቅና ቱርቦውን አብዝቶ በማሽከርከር ሁለቱን ባር ለመሙላት ይሞክራል።

በዚህ ላይ የዳይኖው ኮምፒውተር ይመጣል። ጎንደር ላይ፣ 20 ዲግሪ በሆነ ቀን፣ ቀመሩ የሚያወጣው ማካካሻ 1.30 ነው። ከመቶ 89 የቀረለትን ባለ ቱርቦ ሞተር በ1.30 ሲያባዛው 116 ይሆናል። ከየመቶው ፈረስ ላይ አሥራ ስድስት በረት ውስጥ የሌለ ፈረስ ተቆጠረ ማለት ነው። ያውም መስፈርቱ ራሱ ማካካሻው ከጥቂት በመቶ በላይ ሲሄድ ልኬቱን እንደ መደበኛ አይቀበለውም። ሠላሳ በመቶ ጨምሮ «መስፈርቱ እንዲህ ይላል» ማለት መስፈርቱን አለማንበብ ነው።

ታዲያ ወደ መተማ ብንወርድስ? ብዙ ሹፌር ቆላ ሲወርድ መኪናው «ይከፍታል» ይላል፤ እውነቱን ነው፣ ግን የሚያስበውን ያህል አይደለም። መተማ ላይ ግፊቱ ወደ 93 ኪሎ ፓስካል ከፍ ይላል። ሙቀቱ ግን የተገኘውን መልሶ ይበላል። በሚያዝያ ቀትር ከ40 ዲግሪ ማለፍ እዚህ ብርቅ አይደለም፤ ትኩስ አየር ደግሞ የሳሳ አየር ነው። ጎንደር ላይ በ20 ዲግሪ አንድ ሜትር ኩብ አየር 0.93 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። መተማ ላይ በ42 ዲግሪ 1.03 ኪሎ ነው። በባሕር ወለል ላይ በ15 ዲግሪ ቢሆን 1.225 ይሆን ነበር። ማለትም 700 ሜትር ላይ የቆመ ሞተር በቀትር የሚተነፍሰው 1,750 ሜትር ላይ እንዳለ ሆኖ ነው። የአክስቴ ልጅ ዴንቨር በቀዝቃዛ ቀን የሚያገኘውን አየር እኔ መተማ ላብ እያጠመቀኝ አገኘዋለሁ። ስነግረው ሳቀ።

ቱርቦን ሙቀት በሌላ መንገድም ይጎዳዋል። የተጫነ አየር ይግላል፤ ከቱርቦው ሲወጣ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ያልፋል። ለዚህ ነው ከፊት ኢንተርኩለር የሚቀመጥለት። ኢንተርኩለር ግን የሚያቀዘቅዘው በውጭው አየር ስለሆነ ውጭው 42 ከሆነ ከ42 በታች ሊያወርደው አይችልም። የቤንዚን ሞተር ከሆነ ኮምፒውተሩ እንዳይንኳኳ ብሎ እሳቱን ያዘገያል፣ ጉልበት ይቀንሳል። ዳይኖ ቤት ውስጥ ደግሞ መኪናው ቆሞ ስለሚሮጥ ማራገቢያው ደካማ ከሆነ ሁለተኛውና ሦስተኛው ልኬት ከመጀመሪያው እያነሰ ይሄዳል። የመጀመሪያውን ብቻ መርጦ ወረቀት ላይ የሚያትም ቤት አለ። ሦስቱንም አሳዩኝ ማለት መብት ነው።

የፋብሪካው ቁጥር ከሞተሩ፣ የዳይኖው ከጎማው ላይ መለካቱም ሌላው ማምታቻ ነው። እኛ አገር ሰሊጥ ሲሸጥ «ከነጆንያው ነው ወይስ ያለ ጆንያው?» ተብሎ እንደሚጠየቅ ይህም መጠየቅ አለበት። በሞተሩና በጎማው መካከል ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ዲፈረንሻል አለ፤ ሁሉም የየድርሻቸውን ይቀንሳሉ። ብዙ ባለሙያ 15 በመቶ ይጠፋል ብሎ ይገምታል። ግምት ነው፤ አራቱንም ጎማ ለሚገፋ መኪና ሊበልጥ ይችላል። በዚህ ስሌት የሱባሩዋ 268 ፈረስ ጎማ ላይ ሲደርስ 228 ገደማ መሆን ነበረበት። ኮምፒውተሩ ካባዛው 244 ወደ ኋላ ስናሰላ ደግሞ ሞተሯ 287 ፈረስ ነው ማለት ይሆናል። ምንም ያልተነካካ መኪና ከየት አምጥቶ? 200 የሚለው ጥሬ ቁጥር ነው የሚያስኬደው፤ ሱባሩዋ ዴንቨር ላይ በቱርቦዋ ልክ ጥቂት አጥታለች፣ ቆላ ብትወርድ ትመልሳለች። ልጁን «መኪናህ ጤነኛ ናት፣ 244 ግን አይደለችም» አልሁት። ለሁለት ቀን አልመለሰልኝም።

የፋብሪካ ቁጥርም ቢሆን ከሰማይ የወረደ አይደለም። የጃፓን ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2004 ድረስ ከ280 ፈረስ በላይ ላለማስታወቅ በመካከላቸው ተስማምተው ነበር፤ ኒሳን ስካይላይን ጂ ቲ አርን የመሳሰሉ ባለ ቱርቦ መኪኖች ወረቀታቸው 280 እያለ ዳይኖ ላይ ያልፉት ነበር። ፎርድ ደግሞ በተቃራኒው፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ሙስታንግ ኮብራን 320 ፈረስ ብሎ ሸጠ፤ ገዢዎቹ ዳይኖ ላይ አውጥተው ጎደለብን ሲሉ ሽያጩን አቁሞ መኪኖቹን እየጠራ ለማስተካከል ተገደደ። ዳይኖ የገዢ ወዳጅ የሚሆነው እንዲህ ሲሆን ነው።

ከፍተኛው ቁጥር ላይ ብቻ ዓይን መጣልም ያሳስታል። የዳይኖ ወረቀት ሁለት መስመር አለው፤ አንዱ ጉልበት፣ አንዱ ቶርክ። ቶርክ ሞተሩ ዘንጉን የሚጠመዝዝበት ኃይል ነው፤ ጉልበት ያን ኃይል በዙር ብዛት አባዝቶ የሚገኝ ነው። ቶርኩን በኒውተን ሜትር፣ ዙሩን በደቂቃ ወስዳችሁ አባዙና ለ9,549 ብታካፍሉ ኪሎ ዋት ይወጣላችኋል። ባለ 3 ሊትሩን ቱርቦ ሃይሉክስ እንውሰድ፣ መካኒኮች 1ኬዲ የምንለውን። ከ1,400 እስከ 3,200 ዙር ድረስ 343 ኒውተን ሜትር ይዞ ይሄዳል፤ መስመሩ ጠረጴዛ ነው የሚመስለው። በ2,000 ዙር ላይ 72 ኪሎ ዋት ወይም 98 ፈረስ ገደማ ይሰጣል። ድርጅቶች የሚወዱት አሮጌው ላንድ ክሩዘር፣ ባለ 4.2 ሊትሩ 1ኤችዜድ፣ ቱርቦ የለውም፤ 285 ኒውተን ሜትርና 129 ፈረስ ነው። ጎንደር ላይ ይህ 129 ወደ 100 ይጠጋል። በሞተር ስፋት ትንሹ ሃይሉክስ ትልቁን ላንድ ክሩዘር በዚሁ በመተማ መንገድ ያለውን የአይከልን ዳገት ሲወጣ ጥሎት የሚሄደው ለዚህ ነው። ያም ሆኖ ለቋራ ጫካ የትኛውን ትመርጣለህ ብትሉኝ ላንድ ክሩዘሩን ነው፤ የሚበላሽበት ነገር ትንሽ ነውና።

ስለ መበላሸት ካነሣሁ፣ በእኛ ቆላ ቱርቦን የሚገድለው አቧራ ነው። የሰሊጥ አጨዳ ደርሶ ሳሉጎቹ፣ የአጨዳ ሠራተኞቹ ማለት ነው፣ በመኪና ሲጓዙ፣ የእርሻ መንገዱ ዱቄት ይሆናል። ባለፈው ከአንድ ሃይሉክስ ላይ የፈታሁት ቱርቦ አሁንም መደርደሪያዬ ላይ አለ። አየር የሚስበው መዘውር ቅጠሎቹ ጫፍ ጫፋቸው ተበልቶ እንደ መጋዝ ሆኗል። ዘንጉን በሁለት ጣት ይዤ ወደ ላይና ወደ ታች ሳንቀሳቅሰው ይንቃጨላል፤ ጤነኛ ቢሆን ጭራሽ አይሰማም ነበር። ይህ ዘንግ ሥራ ላይ ሲሆን በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ የሚሽከረከር፣ በስስ የዘይት ሽፋን ላይ ተንሳፍፎ የሚኖር ነገር ነው። ምክንያቱን ለማግኘት ሩቅ አልሄድሁም፤ የፊልትሮው ቤት ክዳን አንዱ ማያያዣ ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል፣ በክፍተቱ አፈር ገብቷል። ባለቤቱ የመጣው «ቺፕ አስገባልኝ፣ ጉልበት ጎደለኝ» ብሎ ነበር። ንጹሕ ፊልትሮና ያልተቀደደ የኢንተርኩለር ቱቦ ከቺፑ በፊት ይቀድማል። ዳገት ወጥቶ የመጣን መኪናም ወዲያው ከማጥፋት አንድ ሁለት ደቂቃ በዝግታ ማቆየት ነው፤ ዘይቱ ቱርቦው ውስጥ እንዳይቃጠል።

ከአዘዞ እስከ መተማ ባለው መንገድ ላይ ዳይኖ ያለው ቤት አላየሁም። ግን ዳገት አለን፤ ዳገት ደግሞ የታመነ ዳይኖ ነው። አንድ ፈረስ ማለት 75 ኪሎን በአንድ ሰከንድ አንድ ሜትር ከፍ ማድረግ ነው። ከነጭነቷ 7,000 ኪሎ የምትመዝን አይሱዙ ወደ አይከል በሚያወጣው ዳገት ላይ 300 ሜትር ከፍታ በ7 ደቂቃ ከወጣች ስሌቱ ቀላል ነው። ሰባት ሺውን በሦስት መቶ አባዙ፣ ለ420 ሰከንድ አካፍሉ፣ 5,000 ይመጣል። ለ75 ሲካፈል 67 ፈረስ ገደማ። ይህ ክብደቱን ለማንሣት ብቻ የዋለው ነው፤ ጎማና ነፋስ የወሰዱት አልተቆጠረም። ስለዚህ ትክክለኛ ጉልበቷ ይህ ነው ብላችሁ አትፎክሩበት። ጥቅሙ ሌላ ነው፦ ያንኑ ጭነት፣ በዚያው የቀን ሰዓት፣ በዚያው ማርሽ፣ ቱርቦው ከመጠገኑ በፊትና በኋላ አውጥታችሁ የፈጀውን ደቂቃ ብታወዳድሩ ጥገናው ሠርቷል ወይስ ገንዘባችሁ ባክኗል የሚለው ይታወቃል። ከፍታውን ስልክ ይነግራችኋል፣ ሰዓቱን ረዳቱ ይያዝ። መንገዱ የሁሉም ነውና መኪና በማይበዛበት ሰዓት፣ ሕጉ በሚፈቅደው ፍጥነት።

ዳይኖንም ቢሆን በዚህ ዓይን ማየት ነው የሚሻለው። የሚታመነው በአንድ መሣሪያ፣ በአንድ ቀን፣ በፊትና በኋላ የተወሰደው ልዩነት ነው። ጥሬው ቁጥር 200 የነበረው 225 ከሆነ ሃያ አምስቱ እውነት ነው፤ የትም ይሁን የት።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በየከተማው እየበዛ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይስብ ከፍታ አያውቅም፤ ጎንደርም መተማም ጉልበቱ ያው ነው። ይህን የሚሰሙ ወጣቶች የእኔ ዕውቀት ሊያረጅ ነው ይሉኛል። ሲኖው፣ አይሱዙው፣ የሰሊጥ ትራክተሩ ግን ገና ናፍጣ ይጠጣሉ፣ አየር ይስባሉ።

ስለ ትራክተር አንድ ታሪክ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1919 ኔብራስካ የተባለው የአሜሪካ ግዛት አንድ ሕግ አወጣ። ዊልሞት ክሮዚየር የተባለ ገበሬና የምክር ቤት አባል በወረቀት ትልቅ፣ በማሳ ላይ ግን ደካማ የሆነ ትራክተር ገዝቶ ተቃጥሎ ነበር። በሕጉ መሠረት በግዛቲቱ ዩኒቨርሲቲ ያልተፈተነ ሞዴል እዚያ መሸጥ ቀረ። ፈተናው እ.ኤ.አ. በ1920 ተጀመረ፤ የመጀመሪያው ዋተርሉ ቦይ የሚባል ትራክተር ነበር። ሻጩ የሚያወራው ጉልበትና ትራክተሩ የሚሰጠው ጉልበት ጎን ለጎን ታትሞ ለገበሬው ይደርስ ጀመር። የመተማና የቋራ ባለ እርሻ ትራክተር ሲገዛ የሚያየው ዛሬም የሻጩን ብሮሹር ብቻ ነው።

ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ላይ ዳይኖ ለመክፈት የምታስቡ ካላችሁ፣ አደራ፦ ለደንበኛው የምትሰጡት ወረቀት ላይ ጥሬውን ቁጥር በትልቁ ጻፉ፣ ከጎኑ የዕለቱን ሙቀትና የአየር ግፊት አስፍሩ፣ የተባዛውን ከፈለጋችሁ በደቃቁ። ቱርቦ ላለው መኪና ግን ባታባዙት ይሻላል።